የሙሽራ ሱፍ በችሎት

አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ፋጤ፤ ከሚሴ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎን በአክብሮት እጅ እነሣለሁ። ለአጎቴ ለይመር፣ ጉልበታቸውን የክረምቱ ብርድ ለቅቋቸው እንደሆነ እየጠየቅሁ፣ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ለእህቴ ለዘምዘም፣ እንዲሁም ስሙን ገና ስላልሰማሁ በስሙ ልጠራው ላልቻልሁት ሕፃኗ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ለወንድሜ ለእንድሪስ፣ ስለ በሬው ጉዳይ ከእኔ ጋር ባይነጋገርም፣ ሰላምታዬ ይድረሰው። ለጎረቤታችን ለእማማ ሎሚም፣ ዶሮዎቻቸው ዛሬም የእኛን ግቢ እንደ ራሳቸው እንደሚቆጥሩ ባልጠራጠርም፣ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። እኔ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ። ነገር ግን ከትናንት በስቲያ ጀምሮ እህል በአፌ ሲዞር ይውላል፤ ምክንያቱን በዝርዝር አስረዳለሁ። ስልክ ደውዬ እንዳልነግርዎ ጆሮዎ እንደማይሰማ፣ የሚረዱትም የሰውን አፍ እያዩ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በጽሑፍ አቅርቤዋለሁ።

እንደሚያውቁት ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት በሚገኘው በማመልከቻ ጸሐፊው በአቶ ሚልዮን ቤት ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፤ አቶ ሚልዮን ሲደክማቸው ደግሞ የተናገሩትን በእጄ እጽፋለሁ። አራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው እንዲህ ሲጽፍ አላየሁም ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት አሮጊት ወረቀት ሊያባዙ መጡ። መሣሪያው ወረቀታቸውን ነክሶ ሲይዝባቸው ምን አሉት መሰለዎ? በአርጎብኛ ሰደቡት! እርስዎ እኔን ወንዝ ለወንዝ ስዞር ሲይዙኝ በሚሰድቡኝ በዚያው ስድብ። ሳላስበው ሣቅሁ፤ ስድቡም ለመሣሪያው አይገባውም ብዬ በዚያው ቋንቋ መለስሁላቸው። እጄን ያዙኝ። ደንበኛ እየጠበቀ፣ አቶ ሚልዮን እየተቆጡ፣ እጄን አልለቀቁም።

ስማቸው ካሚላ ይባላል። ልጃቸው ለገሃር ይነግድ ነበር፤ ከእኛው ከአርጎባ የተራራ መንደር ከሾንኬ አምጥቷቸው ቂርቆስ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት በስማቸው ገዛላቸውና ዓመት ሳይሞላው ሞተ። አማርኛቸው ከሽንኩርትና ከሳሙና አያልፍም። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው መጥቶ ለመብራት ቆጣሪ ነው ብሎ ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን አስነካቸው። ወረቀቱ ግን ቤቱን በስጦታ ሰጥቻለሁ የሚል ሆኖ ተገኘ። አሁን ወረቀቱ እንዲሰረዝላቸው ከስሰዋል፤ ነገር ግን ቃላቸውን የሚተረጉም ሰው ታጣ። አቶ ሚልዮን እኔን ይዘው ወደ ችሎት ገቡ። ዳኛዋ ሁለት ጥያቄ ጠየቁኝና ረቡዕ ጥቅምት 20 ቀን ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ቀርቤ፣ ምዬ፣ እንድተረጉም አዘዙ። እኔ ጦይብ! በዚያ ግቢ እስከ ዛሬ የገባሁት ኮፒ ላደርስ ብቻ ነበር።

እንግዲህ የደብዳቤዬ ዋና ምክንያት የሚከተለው ነው፤ ምን ልልበስ? ያለኝ ሹራብ ክርኑ ላይ ተቀዷል። አብሮኝ የሚኖረው ጠልሐ፣ ካዛንቺስ ለመንገድ ሥራ ከፈረሰው ሰፈር በተረፈች አንዲት የሙሽራ ልብስ ማከራያ ውስጥ የሚሠራው፣ እንዲህ ይለኛል፤ «ስማ፣ በዚህ ሹራብ ከገባህ፣ ማለቴ፣ በቃ ተከሳሹን አገኘነው ብለው ነው የሚያስቀምጡህ።» ሴትየዋ ከዚያ ቤት ሌላ መጠጊያ የላቸውም። በእኔ አለባበስ የተነሣ ቃላቸው ቢናቅ ከአላህ ፊት ምን እመልሳለሁ? አያቴ ዳኛ ፊት ሲቆሙ ምን ይለብሱ እንደነበር ይጻፉልኝ። የሙሄ አይሱዙ ዓርብ ከዚያ ስለሚነሣ፣ መልስዎን በእርሱ እጅ እንዲልኩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የእርስዎው ልጅ ጦይብ

*

ከሚሴ
ጥቅምት 15 ቀን 2017

ለልጄ ለጦይብ

ወዓለይኩሙሰላም። አላህ ፊትህን ያብራው፣ ምላስህን ያፍታታው፣ ከክፉ ሰው ከክፉ መኪና ይጠብቅህ፤ አሚን። ሁሉም ደህና ነው። የይመር ጉልበት እንደ በፊቱ ነው፣ አፉ ግን ተሽሎታል። የዘምዘም ልጅ ስሙ ጀማል ነው፤ ሲያለቅስ ለእኔ እንኳ ይሰማኛል። እንድሪስ ሰላምታህን ሰምቶ ዝም አለ፤ ግን ደብዳቤው እስኪያልቅ ከአጠገቤ አልተነሣም። ሎሚ ዶሮዎቼን ደብዳቤ ላይ አስገባቸው ወይ ብላ ተኩራርታለች።

መንገዱ ተዘግቶ ነበርና ሙሄ ዓርብ አልተነሣም፤ ለዚህ ነው የዘገየሁት። እሑድ ከተከፈተ እሑድ ይነሣል።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስቆጥር ልጃችን ችሎት ቆሞ ይተረጉማል ብዬ አላሰብኩም። ያውም በዚያ ቋንቋ! ገበያ ላይ ስናገረው ሴቶቹ የተራራ ሰው ብለው ይሥቁብኝ ነበርና ለቤት ውስጥ ብቻ አስቀርቼው ነበር። አንተንም ከሰው ፊት እንዳትናገር የቆነጠጥኩህ ጊዜ አለ። አሁን ዳኛ ተናገር ብላ አዘዘችህ። አብሽር!

የጠየቅኸኝ ልብስ። አባቴ ለችሎት ሲሄድ ልብሱ ነጭ ሸሚዝ፣ ታጥቦ የደረቀ ሽርጥ፣ ከላይ ኩታ ነበር። ዳኛው ፊት ሲደርስ ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡን ይታጠቅበታል። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ እጄን ደብቄ አልናገርም፣ ይለኝ ነበር። ስለዚህ ከገበያ ያለውን ጥሩ ሽርጥ መርጫለሁ፤ ቀዩ መስመር ቀጭን ነው፣ አይጮኽም። ሸሚዙን ራሴ አጥቤዋለሁ። ኩታው የአባቴ ነው። በሙሄ ልኬልሃለሁ። ጠልሐ የምትለው ልጅ የሚለውን አትስማ፤ የሰው ሰርግ ልብስ የሚያከራይ ሰው የችሎት ምክር የለውም።

ሴትየዋን ሰላም በልልኝ። ከየትኛው ሰፈር እንደሆነችም ጻፍልኝ፤ ሾንኬ ብቻ ማለት አይበቃም።

አክስትህ ፋጤ

*

አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ
ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ፋጤ

አሰላሙ ዓለይኩም። ለአጎቴ ለይመር፣ ለዘምዘም፣ አሁን በስሙ ለምጠራው ለጀማል፣ ለእንድሪስ፣ ለእማማ ሎሚ፣ ለሁላችሁም ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። የላኩልኝ ጥቅል ደርሶኛል፤ አላህ ይስጥልኝ። የደረሰኝ ግን ችሎቱ ካለፈ በኋላ በመሆኑ ልለብሰው አልቻልሁም።

ትናንት የሆነውን ሁሉ እንደ ቅደም ተከተሉ አቀርባለሁ። ጠልሐ ከሱቁ ጥቁር ሱፍ አመጣልኝ። የኮቱ ደረት በሚያብለጨልጭ ሐር የተለበጠ ነው፤ ከረባትም አሰረልኝ። መስታወት ፊት ሲያቆመኝ ወላሂ ራሴን «እርስዎ» ልለው ምንም አልቀረኝም። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሳልፍ ሊስትሮዎቹ «ጋሼ» ብለው ጠሩኝ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ያለው ፈታሽ ግን አየኝና «ሙሽራው፣ ሚዜዎችህ የት ቀሩ?» አለ። ሰልፉ በሙሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ።

ችሎት ገባን። ቁርኣን ይዤ ማልሁ። ዳኛዋ «ስማቸውንና አድራሻቸውን ጠይቃቸው» አሉኝ። ወደ እማማ ካሚላ ዞሬ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ በአርጎብኛ «ፍርድ ቤቱ ስምዎን ይጠይቃል» አልሁ።

ከረባቴን አዩ። ጫማዬን አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡትና ዝም አሉ።

ደግሜ ጠየቅሁ። ዝም። ዳኛዋ «ምን አሉ?» ሲሉኝ «ምንም» አልሁ፤ በሕይወቴ የተረጎምሁት የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስጠጋቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ቀኝ እጃቸውንም ጨብጠው ብብታቸው ሥር ከተቱት። በዚያች በትንሽ አማርኛቸውም ጮኹ፤ «ጣት የለም! ጣት የለም!» የተከሳሹ ጠበቃ ብድግ ብሎ ሴትየዋ የሚናገሩት ነገር እንደሌላቸው ፍርድ ቤቱ እንዲመዘግብለት ጠየቀ። ዳኛዋ ለኅዳር 11 ቀን ቀጠሩ፤ በዚያ ቀንም ከሳሽ ቃላቸውን ካልሰጡ መዝገቡ ይዘጋል አሉ። መዝገቡ ተዘጋ ማለት ቤቱ ሄደ ማለት ነው።

ለምን እንደፈሩኝ የገባኝ ደረጃው ላይ ነው። ተከሳሹ ከፊቴ ይወርድ ነበር፤ ጥቁር ሱፍ፣ ጥቁር ከረባት። ከኋላ ላየን ሰው ወንድማማች ነው የምንመስለው። ማታውኑ ሱፉን ሳላወልቅ ቤታቸው ሄጄ አንኳኳሁ። በቀዳዳ አዩኝና አልከፈቱም።

እባክዎ ምን እንደማደርግ ይምከሩኝ። በኅዳር 11 ምን ልልበስ? ወይስ አልችልም ብዬ ሥራውን ልተው? አቶ ሚልዮን ሌላ ኮት እንዋስልህ ይላሉ፣ ግራጫ። ጠልሐ ያው ጠልሐ ነው፤ «በቃ ከረባቱ ነው ያጠፋህ፣ ቢራቢሮ ማሰር ነበረብን» ይለኛል። ሳይዘገዩ፣ በሚቀጥለው የሙሄ መኪና፣ ይመልሱልኝ።

የእርስዎው ጦይብ

*

ከሚሴ
ጥቅምት 29 ቀን 2017

ለልጄ ለጦይብ

ወዓለይኩሙሰላም። አላህ ካንተ ጋር ይሁን፤ የቀኝ ጎንህን በመላእክት ይጠብቅልህ።

ሙሄ ጥቅሉን ሰኞ ከሰዓት በኋላ በእጅህ እንደሰጠህ ነግሮኛል። ሻይ ጋብዘኸው ጠጥቷል፤ ቂጣ እንዳልነበረ እንኳ አልረሳም። እኛ ዘንድ ሰኞ ከረቡዕ በፊት ነው። አዲስ አበባም እንደዚያው መሰለኝ።

አልተቆጣሁም። ተቆጥቼ ነበር፤ ደብዳቤውን አጥፌ ሦስት ቀን ሳልመልስልህ አስቀመጥኩት፣ ለዚህ ነው የዘገየሁት። ከዚያ እንድሪስ «አንቺስ ደሴ ሆስፒታል ስትሄጂ የከተማ ቀሚስ ተውሰሽ አልነበር?» አለኝ። ይህ ልጅ የሚናገረው ሲወጋ ብቻ ነው። እውነቱን ነው። ተውሼ ነበር። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ የራሴን ሕመም እንኳ በራሴ አፍ አልነገርኩትም፤ አልሰማሁም ብዬ ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ጆሮዬ ይሰማ ነበር፣ ጦይብዬ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ስለዚህ ሥራውን ልተው አትበል። ከተውክ ማን ይናገርላታል?

አሁን ስማኝ። ምን ልልበስ ብለህ እኔን ጠየቅህ። ጠልሐን ጠየቅህ። አቶ ሚልዮንን ጠየቅህ። የሚነገረው ቃል የማን ነው? የእሷ አይደለም? እሷን ጠይቀሃታል? ሂድና ጠይቃት። ሱፉንም ይዘህላት ሂድ፤ አስቀምጥላትና ትዳስሰው። የፈሩትን ነገር በራስ እጅ መንካት ጥሩ ነው፤ ዘምዘምን ከውሻ ፍርሃት ያስጣልኳት እንደዚያ ነው። ስትሄድ ግን የላክሁልህን ለብሰህ ሂድ። ቢያሳፍርህም ሂድ። ከቤትህ እስከ ቤቷ ስንት እርምጃ ቢሆን ነው?

ሰፈሯንም አልጻፍክልኝም።

አክስትህ ፋጤ

*

አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ፋጤ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ለሁሉም ሰላምታዬን እንደ ማዕረጋቸው ያድርሱልኝ፤ ለእንድሪስ ግን እጥፍ ያድርጉት። አንድ አንዱን እየጠራሁ እንዳልዘረዝር ዛሬ እጄ ከእኔ ቀድሞ እየሮጠ ነው።

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጥቅሉ ሰኞ ደርሶኛል። ሽርጡን ዘርግቼ ሳየው ጠልሐ «ፎጣ አገልድመህ ልትገባ ነው?» ብሎ ሣቀብኝ፤ እኔም አብሬው ሣቅሁና ከአልጋ ሥር ከተትሁት። ነገሩ ይህ ነው፤ ሌላ ማስተባበያ የለኝም።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ነጩን ሸሚዝና ሽርጡን ለበስሁ፤ ኩታውን ደረብሁ፤ ሱፉን በፌስታል ያዝሁ። ጠልሐ ሱፉ የሱቁ ነውና ካልተከተልሁህ ብሎ ከኋላዬ መጣ። «ከሚሴ በእግሯ ቂርቆስ ገባች» እያለ መንገዱን ሙሉ ለፈለፈ። ሊስትሮዎቹ በዚህ ጊዜ «ጋሼ» አላሉኝም። እማማ ካሚላ በቀዳዳ አዩኝ። በሩም ተከፈተ።

ሱፉን አልጋቸው ላይ ዘረጋሁና በችሎቱ ቀን የመጣሁት እኔው እንደነበርሁ፣ ልብሱም የተዋስሁት የሙሽራ ልብስ እንደሆነ በቋንቋችን ነገርኋቸው። ለረጅም ጊዜ አላመኑኝም። ከዚያ ኮቱን አነሡና ኪሶቹን አንድ በአንድ ይገለብጡ ጀመር። ምን እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው «ያን የቀለም ቆርቆሮ» አሉኝ፤ ጣታቸውን የነከሩበትን። ከውስጥ ኪሱ የወጣው ግን የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሰርግ ከረሜላ ነው። አዩት፣ አሸተቱት፣ ላጡና ጎረሱት። 

«ዳኛዋ የሚሰሙት ይህን የለበሰውን ነው?» አሉኝ ከረሜላውን እየመጠጡ።

«ሰዎች እንደዚያ ያስባሉ» አልሁ።

«እንግዲያው እኔ እለብሰዋለሁ። የምናገረው እኔ ነኝ። አንተ አፌ ነህ፤ አፍ ኮት አያስፈልገውም።»

እናም ለበሱት! በቀሚሳቸው ላይ፣ በነጠላቸው ሥር። እጅጌው ጣቶቻቸውን ዋጣቸው። ጠልሐ ሣቁን ዋጥ አድርጎ ተንበረከከና በመርፌ ቁልፍ ያጥፍላቸው ጀመር። «እማማ፣ እስከዚህ ይበቃል?» «ጨምር» አሉት በእጅ ምልክት፤ አውራ ጣታቸው እስኪታይ ድረስ አሳጠፉት። ጠልሐ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አያቸውና «ወላሂ ስንት ሙሽራ አልብሻለሁ፣ በቃ፣ እንዲህ የተቀመጠለት ሰው አላየሁም» አለ። ተረጎምሁላቸው። ለእርሱም ስድብ መለሱለት፤ ያንን አልተረጎምሁትም።

ትናንት ችሎት ገባን። ፈታሹ እኔንም እርሳቸውንም አየና በሩን ከፈተልን። ውስጥ ሥነ ሥርዓት አስከባሪው ወደ ሽርጤ እየጠቆመ «ክብርት ዳኛ፣ ይህ አለባበስ...» ሲል ዳኛዋ ቀና አሉ። እኔን አዩ። እማማ ካሚላን አዩ። «ንጹሕ ነው ወይ?» አሉ። ንጹሕ ነው ተባለ። «እንግዲያው ቃላቸውን እንስማ።» እኔም ኩታውን ከትከሻዬ አውርጄ ወገቤን ታጠቅሁ።

አክስቴ፣ ተናገሩ! ስለ ልጃቸው፣ ስለ መብራት ቆጣሪው፣ ስለ ቀለሙ። እርሳቸው ሲፈጥኑ እኔም ፈጠንሁ፤ እርሳቸው ሲያለቅሱ ድምፄን ይዤ ጨረስሁ። ተከሳሹ በተራው ተነሥቶ ወረቀቱን በአማርኛ አንብቤላቸዋለሁ፣ በደንብ ይሰማሉ አለ። ዳኛዋ እኔን በእጃቸው ዝም አሰኙኝና በቀጥታ በአማርኛ ጠየቋቸው፤ «ወይዘሮ ካሚላ፣ ስጦታ ማለት ምንድን ነው?»

እማማ ካሚላ ዳኛዋን አዩ። ፈገግ አሉ። ወደ እኔም ዞሩ። አልገባቸውም። ችሎቱ በሙሉ አለመግባታቸውን አየ። ከዚያ ዳኛዋ ተርጉምላቸው አሉኝ፤ ተረጎምሁ። ወዲያው የኮቱን ደረት ያዙና እንዲህ ሲሉ መለሱ፤

«ይህን የለበስሁትን ተውሼዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እመልሰዋለሁ። ስጦታ ግን አይመለስም። ኮት እንኳ ላልሰጠኝ ሰው፣ ልጄ ገዝቶልኝ የሞተውን ቤት እንዳይመለስ አድርጌ በምን ምክንያት እሰጠዋለሁ?»

ይህን ስተረጉም አንድም ቃል አልወደቀብኝም። ከምሳ በኋላ ተጠርተን ስንገባ ዳኛዋ ወረቀቱ ፈራሽ ነው ብለው ወሰኑ። ቤቱ የእማማ ካሚላ ነው። «ምን አለች?» ብለው ኩታዬን ሲጎትቱኝ አንድ ቃል ብቻ ነው የወጣኝ፤ «ያንቺ ነው» አልኋቸው፤ አንቺ ማለቴም ትዝ ያለኝ ኋላ ነው። አስተርጓሚ በሚለው መስመር ላይ ስሜን ጽፌ ፈረምሁ።

ከችሎት ስንወጣ «ይህን አፍ ማን ሰጠህ?» አሉኝ። አክስቴ ፋጤ አልሁ። ሾንኬ ላይ ከላይኛው መስጊድ ሥር ያደጉ ናቸው አልሁ። እርሳቸውም ከዚያው፣ ከምንጩ በስተግራ ናቸው፤ ያዘገየሁት መልስ ይኸው ነው። ከዚያ ቤታቸው ወሰዱኝና ሁለተኛውን ክፍል አሳዩኝ። ፍራሽ አንጥፈዋል፤ መስኮቱንም አጥበውታል። «ትምጣና ከእኔ ጋር ትኑር፤ ካልሆነም አንድ ወር ትሰንብት» አሉ። ጆሮዎ እንደማይሰማ ነገርኋቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ «እዚህ የሚሰማኝ ሁሉ አይገባውም፤ እሷ ይግባት እንጂ ባትሰማኝም ግድ የለኝም» ብለው መለሱልኝ።

ሙሄ እሑድ ከዚያ ይነሣል፤ ከጎኑ ያለውን ወንበር እንዲይዝልዎ ነግሬዋለሁ። የራስዎን ቀሚስ ለብሰው ይምጡ። ይመጣሉ ወይስ አይመጡም? ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ ቀን መልሱን እንዲጽፉልኝ እለምንዎታለሁ፤ እማማ ካሚላ ደብዳቤው ገና ሳይላክ ዛሬ ጠዋት መጥተው ምን አለች ብለውኛል።

ልጅዎ ጦይብ